የጋሽ በራኺ አርባ መቆንጠጫ

ጋሽ በራኺ ሞቱ የሚለው ወሬ ሁለተኛ ጊዜው ስለነበረ እኛ ቤት እስከ ረቡዕ ድረስ ማንም አላለቀሰም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የደወሉት ሲኞራ ፒና፣ ጋሽ በራኺ የሚሠሩበት ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ የላቫንዴሪያው ባለቤት ነበሩ። «ሞተ» ሲሉኝ «ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ለአባባ እነግረዋለሁ» ብዬ ዘጋሁት። አባባ ጋዜጣውን ከፊቱ ሳያወርድ «አሁን ደግሞ ከየትኛው ስብሰባ ሊቀሩ ነው?» አለ። እማዬም «ባለፈው አንድ ድስት ሙሉ ወጥ ተሸክሜ ለቅሶ ብሄድ ራሳቸው በር ከፍተው ተቀበሉኝ። ዛሬ አይሸውዱኝም» አለች።

ማክሰኞ ሳሙና ልገዛ ስወርድ ላቫንዴሪያው ዝግ ነው። ሲኞራ ፒና በነሐሴ ሙቀት፣ ሮማ በሙሉ ወደ ባሕር ሲነቀል እንኳን በራቸውን ዘግተው አያውቁም። ረቡዕ ዕለት አባባ ሆስፒታል ሄዶ ዐይቷቸው መጣ። ኮቱን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠና «የምራቸውን ነው» አለ።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሽ በራኺ ከፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ፣ እኛ ከምንኖርበት ፎቅ ሥር ባለው ላቫንዴሪያ ልብስ የሚተኩሱ የአስመራ ሰው ነበሩ። መኖሪያቸውም እዚያው ከላቫንዴሪያው ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አማርኛን ከመጽሐፍ ስለተማሩ ከአባባ ይልቅ የእሳቸው አማርኛ ይጠራል፤ አባባ ይህን ሲሰማ አይወድም። አገር ቤት ጦርነት ነው። ሮማ ያለው የእኛ ሰውም ሰላም ከመባባሉ በፊት ማን ከማን ወገን እንደቆመ ይተያያል። የሁለቱም ወገን ሸሚዝ ግን እሳቸው ጋ ጎን ለጎን ተሰቅሎ ይውላል። «እኔ የማየው መጨማደዱን ነው። ሁሉም ይጨማደዳል» ይሉ ነበር።

ግራ ክንዳቸው አይዘረጋም። ክርኑ ላይ ታጥፎ የቀረ ነው፤ ባዶ እጃቸውን ሲሄዱ እንኳን ትሪ የያዙ ይመስላሉ። በጋ ከክረምት እጅጌያቸው ረጅም ነው። ምን ነክቶት እንደሆነ የሚጠይቃቸው ሰው ለራሱ የሚስማማ መልስ ያገኛል። ለሲኞራ ፒና ግመል ነክሶኝ ነው ብለዋቸዋል። ለቄሱ ደወል ስደውል ገመዱ ይዞኝ ወጥቶ ነው። እኔ ስጠይቃቸው ደግሞ «አንደኛ ክፍል እያለሁ ጥያቄ ለመመለስ እጄን አወጣሁ። መምህሩ ሳይጠራኝ ትምህርቱ አለቀ። እንደዚያው ደርቆ ቀረ» አሉኝ። ያን ጊዜ ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ለሦስት ቀን አምኛቸዋለሁ።

ይህ ክንድ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ግን ስብሰባ ላይ ነው። በየወሩ አንድ እሑድ የማኅበራችን ስብሰባ አለ። የቀረ ሰው ይመዘገባል፤ የተመዘገበ ሰው ደግሞ ወረቀት ሲያስፈልገው ይጉላላል ይባላል፤ ስለዚህ አንድም ሰው አይቀርም። ሲጀመርም ሲያልቅም ሁሉም ብድግ ይልና ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ እየቀሰረ መፈክር ያሰማል። ጋሽ በራኺም ብድግ ይላሉ፣ እጃቸውም ይነሳል፤ ግን ከጆሯቸው አያልፍም። መፈክር የሚያሰማ ሰው ሳይሆን ልናገር የሚል ሰው ይመስላሉ። ሰብሳቢያችን ጓድ ታምሩ ደግሞ ሥነ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው፤ የተነሳ እጅ ዐይተው ማለፍ አይሆንላቸውም። የሁሉም ጡጫ ወርዶ ያች እጅ ብቻ ስትዘገይ መነጽራቸውን ያስተካክሉና «እሺ፣ ጓድ በራኺ። ሐሳብ አለ?» ይላሉ።

ጋሽ በራኺም ዕድሉን አያባክኑም። «አዎ ጓድ። የዚህ አዳራሽ መጋረጃ መቼ ነው የታጠበው?» ብለው ይጀምራሉ። አንድ ጊዜ ስለ ሸሚዝ አንገት አተኳኮስ ሃያ ደቂቃ ተናግረው በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ሰብሳቢው በመጨረሻ ክንዳቸው ምን እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ጋሽ በራኺ ፊታቸው ሳይፈታ «ከብዙ ማንሳት ነው ጓድ» አሏቸው። አባባ ሳል ያዘው። ቤት እስክንደርስ እያሳለ ነበር።

እኔና እሳቸው የተዋወቅነው በካልሲ ነው። እማዬ በረንዳ ላይ ካሰጣችው ልብስ አንድ ጥንድ ካልሲ ግቢ ወድቆ አገኘሁ። ሦስት ፎቅ መውጣት ሰነፍኩና ጠቅልዬ ወደ ላይ ወረወርኩት። ካልሲው በጎረቤታችን በሲኞራ አሱንታ ወጥ ቤት መስኮት ገብቶ የቲማቲም ሱጎ ድስት ውስጥ ዐረፈ። ዒላማዬ እሱ እንዳልነበረ እስከ ዛሬ እምላለሁ። ሲኞራ አሱንታ በመስኮት ብቅ ብለው ሲራገሙ ከላቫንዴሪያው ጓሮ ሳቅ ሰማሁ።

«ግራኝ ነሽ?» አሉኝ ጋሽ በራኺ።

«አዎ።»

«ቤት ይቆጡሻል?»

«ገበታ ላይ ብቻ።»

«አንድ ጥንድ ካልሲ እስከ ሦስተኛ ፎቅ። ክንድሽን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም።»

«ያስታውቃል። ነይ ግቢ።»

የትምህርት ቤታችን የስፖርት አስተማሪ ፕሮፌሶሬ ቱሊዮ በዚያው ዓመት የቤዝቦል ቡድን አቋቁሞ ወንዱንም ሴቱንም አንድ ላይ ያጫውተን ነበር። ቤዝቦል ለማታውቁ፦ አንዱ ከትንሽ ጉብታ ላይ ሆኖ ኳስ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ሊመታው ይሞክራል፣ ከመቺው ኋላ አንዱ ቁጢጥ ብሎ ይቀልባል፣ የቀሩት ቆመው ያዛጋሉ። እኔ ማዛጋት ስለማልወድ ወርዋሪ መሆን ፈለግኩ። ጋሽ በራኺ ይህን ስነግራቸው ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አነሱና አቆሙት። ወጣት ሳሉ አስመራ፣ አሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር ልብስ ይተኩሱ ነበር። ወታደሮቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ይህንኑ ይጫወታሉ። «ዐይቻለሁ፣ ትንሽ ዐውቃለሁ» ብቻ አሉኝ። ትንሽ ማለታቸው ውሸት መሆኑን ለማወቅ አንድ ሳምንት አልፈጀብኝም።

ጓሮው ውስጥ አሮጌ አንሶላ ሰቅለው መሀሉ ላይ በከሰል ክብ ሣሉ። ከዚያ አንድ ቅርጫት የልብስ መቆንጠጫ አመጡ፤ የእንጨት፣ ሽቦው ጠንካራ የሆነውን። «ይኸው አርባ ነው። አንድ ኳስ ስትወረውሪ አንድ መቆንጠጫ ገመዱ ላይ ትሰኪያለሽ። ቅርጫቱ ባዶ ሲሆን ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

«አርባ ምን አላት?»

«አርባ አንድ አይደለችም።»

ከመጀመራችን በፊት ደግሞ ፈተና አለ። አንዱን መቆንጠጫ በአውራ ጣቴና በቀለበት ጣቴ ተጭኜ አፉን ከፍቼ እስከ ሠላሳ መያዝ አለብኝ። እሳቸው በሁለት ጣታቸው ክርኔን ከውስጥ በኩል ካለችው አጥንት ዝቅ ብለው ይነኩና ሥጋው እንደ ዳቦ ሲነፋ «ዘበኞቹ ነቅተዋል» ይላሉ። እጄ ከተንቀጠቀጠ ያን ቀን ውርወራ የለም።

«ዘበኞቹ የሚጠብቁት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

መልሱን በአፍ አልነገሩኝም። አሮጌ የትራስ ልብስ አመጡና እርጥብ ፎጣ ጠቀጠቁበት፤ በሁለቱ ጫፎቹ ገመዱ ላይ አንጠለጠሉት። ከሥር እኔና ሲኞራ ፒና በመዳፋችን ደግፈን እንድንይዝ አደረጉን። «ይኼ ስፌት ጅማትሽ ነው። ክርንሽ ውስጥ አጥንትን ከአጥንት የሚያስር። የእናንተ እጅ ጡንቻ ነው። በወረወርሽ ቁጥር ክርንሽ ወደ ውጭ ሊገነጠል ይሞክራል፤ ጡንቻው ከሥር ደግፎ ይይዝለታል። አሁን ፒና ደከማት።» ሲኞራ ፒና እጃቸውን አነሱ። ትራሱ ረገበ። «አሁን አንቺ ደከመሽ።» አነሳሁ። ስፌቱ መጀመሪያ አንድ ክር፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ትርርር ብሎ ፎጣው ሁሉ እግሬ ላይ ወደቀ።

«ጡንቻ ባለጌ ነው፣ ሲደክመው ይጮሃል» አሉ ፎጣውን እየለቀሙ። «ጅማት ግን ጨዋ ነው። ዝም ብሎ ይሸከምና አንድ ቀን ይሄዳል።»

ሲኞራ ፒና የትራስ ልብሱ የማን እንደሆነ ሲያዩ ሌላ ጩኸት ተጀመረ፤ እሱን ልለፈው።

አሁን ወደ ኃጢአቴ እመጣለሁ። አርባ ኳስ አይበቃኝም ነበር። ጋሽ በራኺ ወደ ካውያቸው ዞር ሲሉ ገመዱ ላይ ከሰካሁት መቆንጠጫ ሁለት ሦስቱን ነቅዬ ቅርጫቱ ውስጥ እመልሳለሁ። በቀን ዐሥር ያህል እሰርቃለሁ። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ያፏጫሉ። የዓለም ብልጧ ሌባ እኔ ነኝ ብዬ ነበር።

በግንቦት ከሮማ ወጣ ብላ ካለችው ከካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ልጆች ጋር የመጨረሻው ግጥሚያ ደረሰ። ፕሮፌሶሬ ቱሊዮ ሁላችንም ፊት «እሑድ ሳራ ትጀምራለች። ካሸነፈችልን በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ወርዋሪ እሷ ናት። ካልሆነላት ማርኮ ነው» አለ። ማርኮ ከኳሱ ይልቅ ፀጉሩን የሚጠብቅ ልጅ ነው። ለእሱ ከመስጠት ሞቴን እመርጣለሁ አልኩ። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ቀድሜ እየሄድኩ፣ ከግድግዳው ጋር፣ ለብቻዬ፣ መቆንጠጫ በሌለበት ወረወርኩ። ስልሳ፣ ሰባ፣ አልቆጠርኩም።

ሐሙስ ዕለት ክርኔ ከውስጥ በኩል እንደ ጥርስ መጠዝጠዝ ጀመረ። የመቆንጠጫውን ፈተና እንዳልወድቅ አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። ከሲኞራ ፒና መሳቢያ አንድ ጥንታዊ መቆንጠጫ አገኘሁ፤ ሽቦው ላልቶ ሕፃን የሚከፍተው። እጅጌዬ ውስጥ ደበቅኩትና ሐሙስም ዓርብም ቀይሬ ያዝኩ። ሠላሳ ቆጠርኩ፣ ፈገግም አልኩ። ቅዳሜ ጋሽ በራኺ «ነገ ስብሰባ አለብኝ፣ ልመጣ አልችልም። ፈተናውን ራስሽ ለራስሽ አድርጊ» ሲሉኝ ያዘንኩ መስዬ ደስ አለኝ።

እሑድ ጠዋት ከቡድኑ ጋር ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ፣ የፉርጎው በር ተከፈተና ጋሽ በራኺ ገቡ። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ የሱሪያቸው መስመር ዳቦ ይቆርጣል። አንድ የወረቀት ከረጢት ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ስብሰባውስ?» አልኳቸው።

«ሞቻለሁ።»

«እንዴት?»

«በልብ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። ጣሊያን ጎረቤት ሆኜ ለጓድ ታምሩ ደወልኩለት። አለቀሰ። ደግ ሰው ነው ለካ፤ አይዞህ ልለው ትንሽ ቀረኝ።» ከዚያ ከኪሳቸው መቆንጠጫ አወጡ። «አሎራ፣ በይ ያዢ።»

በሞተ ሰው መሳቄ ሳይበርድልኝ መቆንጠጫውን ቀየርኩት። እጅጌዬ ውስጥ ያለውን አሮጌውን አወጣሁ፣ ያዝኩ፣ እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ። እሳቸው በመስኮት የሚያልፈውን የወይራ ዛፍ እያዩ «ጎበዝ» አሉ። ክርኔን አልነኩም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ጨዋታው ተጀመረ። ሦስት ዙር ጥሩ ወረወርኩ፤ አንድ ነጥብ እየመራን ነው። በየመሀሉ ተመልካቹ ይስቃል፤ እኔ በእኔ መስሎኝ ፊቴ ይጋያል። ዞር ብዬ ሳይ ጋሽ በራኺ ናቸው። አንድ ኳስ በወረወርኩ ቁጥር ከከረጢታቸው አንድ መቆንጠጫ ያወጡና ኮታቸው ላይ ይሰካሉ። በጫፉ ዙሪያ ጨርሰው በደረታቸው በኩል ወደ ላይ እየወጡ ነው። ጃርት መስለዋል።

አራተኛው ዙር ላይ ሕመሙ ከጥርስነት አለፈ። አንድ ወረወርኩ፤ ጣቶቼ ድረስ ነዘረኝ። ፕሮፌሶሬ ቱሊዮ «ዳይ ሳራ፣ በርቺ፣ ሁለት መቺ ብቻ ቀረ» ይላል። ከጀርባዬ ማርኮ ክንዱን ሲያሟሙቅ ይታየኛል። ጥርሴን ነክሼ ክንዴን ወደ ኋላ ስመልስ ዳኛው ሁለት እጁን አንስቶ ጨዋታውን አቆመ።

ጋሽ በራኺ ቆመዋል። የመጨረሻውን መቆንጠጫ አንገትጌያቸው ላይ ሰክተው ያችን እጃቸውን እስከ ጆሯቸው አንስተዋል። ዳኛው ያን ልብስና ያን እርጋታ ሲያይ ከፌዴሬሽን የመጣ ትልቅ ሰው መስሎት ኖሮ ቆቡን አውልቆ ይጠብቃቸዋል። እሳቸውም ቀስ ብለው አጥሩን ከፍተው ሜዳውን አቋርጠው እኔ ዘንድ መጡ። መቆንጠጫው በየእርምጃቸው ይንቋቋል።

«ያዢ» አሉኝ፣ አንዱን ከደረታቸው ነቅለው።

«ባቡር ላይ ይዤ የለ እንዴ?»

«ባቡር ላይ የያዝሽው የፒና እናት ንብረት የነበረ ነው። ነፋስም ይከፍተዋል። ይኼኛውን።»

ያዝኩት። ስምንት ላይ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዐሥራ አንድ ላይ መቆንጠጫው አፈሩ ላይ ወደቀ።

«ደክሞኝ ነው እንጂ አላመመኝም» አልኩ።

«ከደከመሽ እኮ አለቀ። ዘበኞቹ ተኝተዋል። ከዚህ በኋላ የምትወረውሪው በስፌቱ ነው። ኳሱን ስጪኝ።»

«ማርኮ ሊገባ ነው እኮ ጋሼ።»

«ይግባ።»

«ማስጠንቀቂያ እንኳን ሳይሰጡኝ! መቆንጠጫ እንደምሰርቅ ያውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ለዚህ ነው አርባ ያልኩሽ ቅርጫት ሠላሳ የነበረው። ዐሥር እንደምትሰርቂ ዐውቄ ዐሥር ቀነስኩ። አንድ ቀን እንኳን አልቆጠርሽም። እኔ ያላወቅኩት ተደብቀሽ ሌላ ቦታ የወረወርሽውን ነው፤ እሱን አሁን እጅሽ ነገረኝ።» ኮታቸውን አሳዩኝ። «ዛሬ እውነተኛውን አርባ ሰጥቼሻለሁ። ይኸው አልቋል።»

ፕሮፌሶሬ ቱሊዮ እየሮጠ መጣ። «እኚህ ሰውዬ ማን ናቸው?» አለኝ። «ከትራስ ልብስ ክፍል ናቸው» አልኩት፤ ሌላ አልመጣልኝም። ኳሱን ግን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዣለሁ። አልሰጥም።

ያን ጊዜ ጋሽ በራኺ ኮታቸውን አውልቀው ለፕሮፌሶሬው አስያዙት። የግራ እጅጌያቸውን ቁልፍ ፈቱና እስከ ላይ ጠቀለሉት። እጅጌያቸው ተጠቅልሎ ዐይቼ አላውቅም። ክንዳቸው የእኔን ያህል ይቀጥናል፤ ክርናቸው ላይ አጥንቱ እንደ ወይራ ጉጥ አብጧል።

«ግመሉስ?» አልኩ።

«ግመሉ እኔ ነኝ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አሜሪካኖቹ ወርዋሪ ጎደላቸው። ልብስ ተኳሹን አስገቡት። ከሁሉም በለጥኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሁሉ ስሜን ይጠራል። ከዚያ ክርኔ ማመም ጀመረ። ከተናገርኩ ወደ ካውያዬ ሊመልሱኝ ነው ብዬ ሦስት ሳምንት ደበቅኩ። ካውያውን በፎጣ ጠቅልዬ ክርኔን አሞቀዋለሁ፣ ሸሚዜን ተኩሼ እወጣለሁ። ሸሚዜ ሲያምር ማን ክንዴን ያያል? አንድ ቅዳሜ እንደዛሬው አንድ ነጥብ እየመራን፣ ወረወርኩ። ድምፁን ሰማሁት። ያ የትራስ ልብስ። ያው ራሱ ድምፅ። ከሩቅ ቁጢጥ ያለው ቀላቢም ሰምቶታል። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር።»

«ማንም አላስቆመዎትም?»

«ማን ዐውቆ? እንዳንቺ ጎበዝ ሌባ ነበርኩ።»

ዳኛው ሰዓቱን አየ። ጋሽ በራኺ መዳፋቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ፤ ክንዱ ባይዘረጋም መዳፉ ይዘረጋል። ኳሱን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። እሳቸውም ሄደው ለማርኮ በትሕትና አስረከቡት፣ እግረ መንገዳቸውንም የተጣመመ አንገትጌውን አስተካከሉለት።

ማርኮ ይባስ ብሎ አሸነፈ። የመጀመሪያ ወርዋሪም ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀጉሩ እንኳን ጨመረ።

ቤታችን ስንደርስ ላቫንዴሪያው በር ላይ ጥቁር የለበሰ ሰው ተሰልፏል። ማኅበሩ ከስብሰባ በቀጥታ ለቅሶ መጥቶ ኖሯል። ጋሽ በራኺ በጓሮ በኩል ገብተው በሩን ከውስጥ ሲከፍቱት ፊት ለፊት እማዬ ድስቷን ይዛ ቆማለች። ድስቱ ያልወደቀው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው። አባባ ዓይኑ ቀልቷል፤ በአንድ በኩል ሊያቅፋቸው፣ በሌላ በኩል ሊያንቃቸው ፈለገና መሀል ላይ ቆሞ ቀረ።

«ግቡ፣ ግቡ» አሉ ጋሽ በራኺ። «እኔም ድንገት ነው የሰማሁት።» ወጡንም ከሁላችንም በላይ የበሉት እሳቸው ናቸው።

ጓድ ታምሩ ብቻ አልሳቁም። «ጓድ በራኺ፣ በኅሊና ጸሎት አስበንዎታል። ሞትዎ በቃለ ጉባኤ ተይዟል» አሉ።

«ታዲያ ይሰረዛ።»

«በቀጣዩ ስብሰባ አጀንዳ ተይዞለት በድምፅ ነው የሚሰረዘው።»

«አልቸኩልም» አሉ ጋሽ በራኺ።

ያ አጀንዳ እሳቸው በሕይወት ሳሉ አልደረሰም። ሁልጊዜ ሌላ ይቀድመው ነበር። ጋሽ በራኺም ሦስት ዓመት ሙሉ በወረቀት ሞተው፣ ከስብሰባ ነፃ ሆነው ኖሩ። የጓድ ታምሩን ሸሚዝ ግን ሳያቋርጡ ይተኩሱ ነበር።

እኔ አኩርፌ ሁለት ሳምንት ላቫንዴሪያው አልገባሁም። እማዬ ግን ክርኔን ሳሸው አየችኝና ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ክንዴን አጣምሞ፣ ተጭኖ፣ ፎቶ አስነስቶ፣ ጅማቱ ተስቧል እንጂ አልተበጠሰም አለ። ሦስት ወር ዕረፍት። «በጊዜ ነው ያቆምሽው። አንድ ጨዋታ ብትጨምሪ ኖሮ ሌላ ነገር እንነጋገር ነበር። ማን ነው ያስቆመሽ?» አለኝ።

«የሞተ ሰው» አልኩት።

በማግሥቱ ላቫንዴሪያው ገባሁ። ጋሽ በራኺ ቀና ብለው አላዩኝም። ቅርጫቱን በእግራቸው ገፉልኝና «ቁጠሪያቸው» አሉ። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አርባ ነበሩ። በዚያ በጋ አንድም ኳስ ሳልነካ መቆንጠጫ ብቻ እየከፈትኩ ዘበኞቼን ሳበላ ከረምኩ። መስከረም ላይ መወርወር ጀመርኩ። ዛሬ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ አሁንም እወረውራለሁ፣ ከአርባ በላይ ግን በጭራሽ።

እንግዲህ ባለፈው እሑድ ስብሰባ ነበር። ጋሽ በራኺ የምራቸውን ከሞቱ በኋላ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። እኔም ከአባባ ጋር ሄድኩ። አባባ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» የሚለው አጀንዳ ሲደርስ እጁን አወጣና አንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ይደረግላቸው ብሎ ጠየቀ።

ጓድ ታምሩ መዝገባቸውን ወደ ኋላ ገልጠው ብዙ ፈለጉ። ፊታቸው ከብዷል፤ እሳቸውም የሚወዷቸው ሰው ነበሩ። «ጓድ ደምሴ፣ ይኸው ተጽፏል። ለጓድ በራኺ የኅሊና ጸሎት ተደርጓል። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ የሚደረግበት ሥነ ሥርዓት የለንም» አሉ። አባባ ተቀመጠ። አዳራሹ አጉረመረመ። ከዚያ ወደ መዝጊያው ተኬደና ሁላችንም ለመፈክር ተነሳን።

ግራ እጄን አነሳሁ። የእኔ ክንድ ከትከሻዬ እስከ ጣቴ ጫፍ እንደ ተወጠረ የልብስ ማስጫ ገመድ ቀጥ ይላል። ጆሮዬ ጋ ሲደርስ አቆምኩት። የሌላው ጡጫ ወረደ፤ የእኔ አልወረደም።

ጓድ ታምሩ አዩኝ። ዓይናቸውን ወደ ሌላ ሊያዞሩ ሞከሩ፣ አልቻሉም። «እሺ፣ ልጄ» አሉ። «ሐሳብ አለ?»

«አዎ ጓድ። የመጀመሪያው ሞት ይሰረዝልን።»

ከጎኔ አባባ ክንዱን እስከ ጆሮው አነሳ። ከኋላችን አንዲት ሴት አነሱ። ከዚያ ከፊት፣ ከዚያ ከግድግዳው በኩል፤ ሌላ ጊዜ ከእኛ ወንበር ርቀው የሚቀመጡት ሳይቀሩ። አዳራሹ በሙሉ ክርኑ ታጥፎ ቆመ። ጓድ ታምሩ ለማን ዕድል እንደሚሰጡ ቸግሯቸው ከዳር እስከ ዳር አዩን። መጨረሻ ላይ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ሰረዙና ተነሱ። «አንድ ደቂቃ» አሉ። የእሳቸውም ክንድ ታጥፎ ወጣ።

ሰዓት ያየ ሰው አልነበረም። እኔ በተነሳው እጄ ውስጥ ከቅርጫቱ ያመጣሁትን አንድ መቆንጠጫ ይዣለሁ፤ ሽቦው ጠንካራ የሆነውን። በአውራ ጣቴና በቀለበት ጣቴ ተጭኜ ከፈትኩትና በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ሠላሳ አለፈ። አርባ አለፈ። ስልሳ ላይ መቆንጠጫው እንደተከፈተ ነበር፣ እጄም አልተንቀጠቀጠም።